ስዕሉ የተሸፈነ ዕለት

ለተከበሩት ወንድሜ ለጋሼ ደርዊሽ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከበጋው ጀምሮ ያስቸገረዎት ወገብዎ አሁንስ ለቀቀዎት ወይ? የእት ኡምሀኒ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ደህና ነን ብለው ብቻ አይለፉኝ፤ ሲያምዎት ደብቀው፣ ሲሻልዎት የሚናገሩ ሰው መሆንዎን አውቃለሁ። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። እኔ ጠመኔው ጉሮሮዬን ዘግቶት ድምፄ የሰው አይመስልም፤ ጠዋትና ከሰዓት ሁለቱንም ፈረቃ አስተምሬ ስመለስ ጫማዬን ለማውለቅ እንኳ አቅም አይኖረኝም። ልጅዎ ላጢፋ ግን ጤነኛ ናት፤ ቁመቷ ጨምሮ ከእናንተ ዘንድ ያመጣችው ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል።

በሚያዝያ የላኩት ደብዳቤ ደርሶኛል። ላጢፋ ማንበብና መጻፍ ከቻለች ይበቃታል፣ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ትመለስና እናቷን ታግዝ ብለዋል። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ። ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ፤ እባክዎ ሳይቆጡ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ባለፈው ታኅሣሥ ወልደገብርኤል የሚባሉ ሸምገል ያሉ ኢንስፔክተር ትምህርት ቤታችንን ሊያዩ መጡ። እኔ የማስተምረው ሁለተኛ ክፍል ሰማንያ አራት ልጅ አለው፤ መጽሐፉ አሥራ አንድ ነው። ስለዚህ ልማዳችን አንድ ጎበዝ ልጅ ፊት ቆሞ ሲያነብ ሌላው እየተቀበለ መጮህ ነበር። ጩኸቱ ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ ወላጅም ሲያልፍ ሰምቶ ደስ ይለዋል። ማን ያንብብልኝ ሲሉኝ በወንድሜ ልጅ ልኮራ ብዬ ላጢፋን አስነሳሁ። ስለ ፍየሏ የተጻፈውን ገጽ አንድ ቃል ሳትስት አወረደችው። ሰውየው ፈገግ አሉና ሌላ ገጽ ገልጠው ስዕሉን በመዳፋቸው ሸፈኑትና አንብቢ አሏት። ላጢፋ ዝም አለች። ደግመው ጠየቋት፤ አሁንም ዝም። እጃቸውን አንስተው አህያዋ ብቅ ስትል ገጹን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ለካ ልጆቹ ስዕሉን እያዩ በቃላቸው ነበር የሚሉት። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ሲሞክሩ ፊደሉን አይተው ያነበቡት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ሆኑ። ጋሼ፣ አምና አንደኛ ወጣች ብዬ የጻፍኩልዎት ውሸት አልነበረም፤ እውነትም ግን አልነበረም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አስተማሪዋ እኔ ነኝ። አንድ ቤት እየበላንና እያደርን አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ ይህ ምን ፊደል ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ስለሚደክመኝ ነው። ድካም ለሁሉም ሰው እንዳለ ግን አይጠፋኝም።

ሪፖርቱ ልጆቹ ይዘምራሉ እንጂ አያነቡም ይላል። ዳይሬክተራችን ጓድ ሳህሌ ሰውየው ስማችንን ሊያጠፋ ነው የመጣው ብለው ጦፉ፤ ሁለት ቀን ሰው አላናገሩም። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ ጠርተው ሪፖርቱን ከዳር እስከ ዳር አነበቡና መጀመሪያ ራሴን ልሂስ ብለው ጀመሩ። እኛም ተራ በተራ ግለ ሂስ አደረግን። በስብሰባ ጥፋትን መናገር ለምደነዋል፤ ተነስቶ ተናግሮ መቀመጥ ነው። ለእርስዎ መጻፍ ነው ያቃተኝ፣ አምስት ወር የፈጀብኝም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱ ተለውጧል፤ የተለወጠው ግን በእኛው ጉልበት ነው። በኅብረት መጮህ ቀረ። ፋብሪካ የሚሠሩ ወላጆች የተጣለ ካርቶን ሰብስበው አመጡልን፤ እኔና ባልደረባዬ ጠጄ ቆራርጠን በያንዳንዱ ላይ አንድ ፊደል ጻፍንበት። ልጆቹ እየደባለቁ ቃል ይሠሩበታል። ጓድ ሳህሌም ቢሯቸውን ዘግተው ወደኋላ የቀሩትን ራሳቸው ያስተምራሉ። ቅዳሜም እንገባለን። በሚያዝያ ኢንስፔክተሩ ተመልሰው ሲመጡ ስዕሉ ተሸፍኖ ስልሳ አንዱ አነበቡላቸው። ጥሩ ጅምር ነው አሉና ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። ሌላ ቃል ጠብቄ ነበር መሰለኝ፣ ከፋኝ።

ካላነበቡት ከሃያ ሦስቱ አንዷ ላጢፋ ነበረች። አንደኛ ትወጣ የነበረች ልጅ ከትንንሾቹ ጋር ተቀምጣ ለ ሉ ስትል ብዙ አለቀሰች። አሁን ቀስ እያለች ታነባለች፤ ረጅም ቃል ያስቸግራታል። ሰኔ ላይ ከመጣች ግን የያዘችው በአንድ ክረምት እንዳይጠፋባት እፈራለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቅጣቱ በሷ አይሁን። ክፍሉን ትድገም፣ አንድ ዓመት ይጨምሩላት። ለእት ኡምሀኒ አጋዥ ከጠፋ፣ ለመሠረተ ትምህርት ካልመደቡኝ ክረምቱን እኔው መጥቼ እሠራለሁ።

ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ላጢፋን ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ አልኳት። ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀባት። ኢንስፔክተሩ ፊት ዝም ማለቷን የጻፍኩበት ቦታ ላይ ስትደርስ አንገቷን ደፋች። ግዴለም፣ እሱን ዝለይው አልኳት። ጣቷን ከቃሉ ላይ ሳታነሳ አልዘልም፣ እየቻልኩት ነው አለችኝና ቀጠለች።

እት ኡምሀኒን ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ። ለልጆቹ ለጁማና ለትንሿ ብዙወርቅ፣ ለጎረቤታችን ለእማማ አደሴም ሰላምታዬ ይድረስልኝ። መልስዎን ለእኔ አይጻፉት። ለላጢፋ ይጻፉላት፣ ፊደሉን ተለቅ አድርገው።

እህትዎ ሀኪማ
አቃቂ፣ ግንቦት 14 ቀን 1974 ዓ.ም.