ያለ ተራው የታየው ሥዕል

ሐሙስ፣ ኅዳር ፪ ቀን ፲፱፻፳፬

ከባቡር ጣቢያ ሥራዬ ገባሁ። ሸሚዜን አጠብኩ፣ ሩዝ ጣድኩ። ወንድምጋሼ (እጄ ደክሟል፣ ከእንግዲህ ወ.ጋ.) ፍራሹ ላይ ነው፤ ላብ በላብ። ባቡር ላይ ፍሬን ሲይዝ ጉልበቱ ከተቀጠቀጠ ወዲህ ለሕመሙ የጀመሩለት የሞርፊን መርፌ ጌታው ሆነ። ጉልበቱ ዳነ፣ መርፌው አልለቀቀውም። ሁለቴ ተወው፣ ሁለቴም ተመለሰበት። እንዲህ ከቀጠለ ታላቅ ወንድሜን እቀብራለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ማስታወሻዬ።

ሙሴ ያኒ፣ ባለሲኒማው ግሪክ፣ ቅዳሜ አዲስ የሲኒማ ሥዕል አለ ይላል። እንደ ወትሮው ከሸራው አጠገብ ቆሜ የፈረንሳይኛውን ጽሑፍ ለሐበሾቹ በአማርኛ እጮኻለሁ። ታሪኩ መርፌ ስለያዘው ሰው ነው አሉ። መጨረሻው መዳን ነው አሉ። ወ.ጋ.ን ጎትቼም ቢሆን እወስደዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር ፬፣ ከምሽቱ ሁለት ተኩል

ወሰድኩት። ከፊት አስቀመጥኩት። የሰው ፊት ግድግዳ አክሎ ዕንባው ሲወርድ ማየት! ገላዬን ወረረኝ። ሰውዬው መርፌውን ወንዝ ውስጥ ወረወረ፣ ሚስቱ በር ከፈተችለት፣ ዳቦ በላ። ሐበሻው፣ ሶማሌው፣ ዐረቡ አጨበጨበ።

ከዚያ ሸራው እንደገና በራ። ያው ሰውዬ አልጋ ላይ ይንፈራገጣል፣ አንሶላ ነክሷል። ግራ ገባኝ። ሕዝቡ አፍ አፌን ያያል። ዳግመኛ ወደቀ ብዬ ጮኽኩ። በዚያው አለቀ። ወ.ጋ. አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እሑድ፣ ኅዳር ፭

ሙሴ ያኒ በጧት መጣ። ማሽኑን የሚያዞረው ሰው የሥዕሉን የመጨረሻ ጥቅል አስቀድሞት ኖሯል። ሕመሙ ፊት ነው፣ መዳኑ ኋላ። ምላሴን በቆረጠው። ሮጬ ለወ.ጋ. ነገርኩት፤ ሰውዬው አልወደቀም፣ ዛሬ በተራው ይታያል፣ ና አልኩት።

አልሄድም አለ። ለእሱ እውነቱ የትናንቱ ነው። እሱ ራሱ ሁለተኛ ጊዜ ወደ መርፌው ሲመለስ ራሱን ከሙታን ቆጥሮ ነበር፤ ትቶ የወደቀ ሰው ከእንግዲህ አይነሳም ብሎ። ትናንት ግን ወድቆ አንሶላ ነክሶ የሚታገል ሰው አየ። ለካ ወድቆም ይታገሉታል አለኝ።

የኔን ስሕተት እግዜር እንዲህ ይጠቀምበት? እስካሁን ይገርመኛል።

መርፌውን እጄ ላይ አኖረ። በሩን ቆልፍብኝ አለኝ። ምንም ቢል እስከ ሐሙስ እንዳላስወጣው በማርያም አስማለኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፯፣ ዘጠኝ ሰዓት

ያስታውከዋል። በሩን ይደበድባል። ይሰድበኛል፣ መልሶ በእናታችን አጥንት ይለምነኛል። በመስኮት ውሃና አጥሚት አቀብላለሁ፣ አጥሚቱን ይደፋዋል። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ወንድምህን በቁሙ ገደልከው ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አልከፈትኩም።

ረቡዕ፣ ኅዳር ፰

ዝም አለ። ፈራሁ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። አቡነ ዘበሰማያት እየደገመ ነው፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ መሐል ላይ ይጠፋበታል፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ደግሞ ይጠፋበታል። ደግሞ ይጀምራል። ስንቴ እንደሆነ እንጃ። እንዲህ ያለ ጉልበት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም። ይህን ሰው ነው ስንቴ ደካማ ያልኩት።

እንዳላስወጣው እንጂ እንዳልገባ አልማልኩም። ለጣቢያው ታምሜያለሁ ብዬ ላክሁ። ወ.ጋ. እንዳይቀማኝ ቁልፉን እትዬ ዘነበችን ለምኜ አስይዣታለሁ፤ እኔ ስገባ ከኋላዬ ትቆልፋለች። አንተን ግን እውጭ እተውሃለሁ፣ ማስታወሻዬ። እዚያ ውስጥ የሚሆነው አይጻፍም።