ከመክፈቻው ቀን በፊት የማትነገር ዓረፍተ ነገር

ማክሰኞ፣ ማርች 3

ዝናብ። ጉልበቴን አሞኛል። ልምምድ እስከ ምሳ።

አርባ ስድስት ዓመት መድረክ ላይ ገረድ፣ ነርስ፣ ቤት አከራይ ሆኜ ኖርኩ። ትሪ ይዞ መግባት፣ ትሪ ይዞ መውጣት። አሁንም ገረድ ነኝ፤ ግን የዚህ ቲያትር ዋና ሰው ገረዷ ናት። የመጨረሻውም ቃል የእሷ... የእኔ። እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

ከሰዓት ዲሊስ ቃለ ተውኔቱን ይዛ ወጥ ቤት ውስጥ አስጠናችኝ። እቤቴ ገብታ አብረን መኖር ከጀመርን ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ዓመታችን፤ እሷም እንደኔ የትሪ ተዋናይ ናት። ሁለተኛው ገቢር ላይ አንድ ቃል ጠፋኝ።

"ሰሞኑን ይጠፋብኛል" አልኳት። "ለማንም እንዳትናገሪ።"

"አንቺ ሞኝ፣ ለማን እናገራለሁ?" ብላ ሻይ ቀዳችልኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 5

ደራሲዋ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቀየረቻት። ለእኔና ለአዘጋጁ ለጁሊያን ብቻ በወረቀት ጽፋ ሰጠችን። እኛ ተዋንያን ዘንድ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከመክፈቻው ቀን በፊት በአፍ አትነገርም፤ ገደ ቢስ ነው። እዚያ ስደርስ "ላ ላ ላ" ብዬ አልፋለሁ። ወረቀቷን መልበሻ ክፍል፣ የሽርጤ ኪስ ውስጥ ትቻት መጣሁ።

"ስሜ ኦሊቭ ነው፤ አንዳችሁም ጠይቃችሁኝ አታውቁም።" ይኸው የገረዷ የመጨረሻ ቃል፤ መጻፍ አይከለከልም።

ሰኞ፣ ማርች 9

ዛሬ አንድም ቃል አልጠፋኝም። ጁሊያን ግን "አመሰግናለሁ፣ ሚስ ፓርጌተር" አለኝ። ሚስ? ዘበኛውን ሳይቀር "የኔ ማር" የሚል ሰው... ምን አጠፋሁ?

ረቡዕ፣ ማርች 11

ቀስ ብዬ ልጻፍ።

ከሰዓት እንደ ልማዳችን ጥናት። መጨረሻው ላይ ደርሼ "ላ ላ ላ" ልል ስል ዲሊስ "ስሜ ኦሊቭ ነው" ብላ ጀመረች። ወዲያው አፏን ያዘች። እጇ ላይ ያለው ቃለ ተውኔት የድሮው ነው፤ ይቺ ዓረፍተ ነገር የለችበትም።

"ከየት አመጣሻት?"

"ከአንቺ ሰምቼ ነዋ..."

"እኔ ተናግሬያት አላውቅም፣ ዲሊስ።"

ብስኩቷን ስትፈረፍር ቆየች። ከዚያ አወጣችው። ጁሊያን ሦስት ጊዜ በምስጢር አስጠርቶ የእኔን ቦታ አስነብቧታል።

"'ኢኒድ ትዘልቃለች?' ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? መድረክ ላይ ስትዋረጂ ቁጭ ብዬ ልይ?"

"ቃል እንደሚጠፋኝ ነገርሽው?"

"ላንቺ አስቤ ነው።"

ላንቺ አስቤ! ታዲያ ቦታዬን የወሰደው ማን ሆነና?

ሐሙስ፣ ማርች 12

ጁሊያን ጠራኝ። ቦታውን ለዲሊስ ሰጥቷል፤ እሷ ብትታመም ተጠባባቂ እንድሆን ጠየቀኝ። "እሺ" አልኩት። ለምን እሺ አልኩ? አርባ ስድስት ዓመት እሺ ያለ አፍ ሌላ ቃል ከየት ያምጣ።

ማክሰኞ፣ ማርች 17

መክፈቻ። ከመጋረጃው ጎን ቆሜ አየኋት። እንድታበላሽ ተመኝቼ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጥሩ ነበረች። መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። እኔም አለቀስኩ፤ በንዴት።

"ኢኒድዬ፣ አብረን እንሂድ?" አለችኝ ሜካፑን እንኳ ሳታስለቅቅ።

"ጥሩ ሠርተሻል" አልኳት። "ነገ ዕቃሽን የሚጭንልሽ ሰው ፈልጊ።"

ብቻዬን ወጣሁ። ፌርማታው ጋ ስደርስ የአውቶቡሴ ቁጥር ጠፋኝ። በየቀኑ የምሳፈርበት... ሦስት አውቶቡስ ቆሞ ሄደ፤ እኔ ዝም ብዬ ቁጥሮቹን አያለሁ። በመጨረሻ በእግሬ መጣሁ።

ልክ ነበረች ማለት ነው? ትሁን። እንዲህ ያለውን ነገር የምነግረው ለእሷ ብቻ ነበር። የዛሬውን ለማን ልንገር?