የሹዬ የተባለችው ወፍ

ውድ ሀያት፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆዪልኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ድምፅሽን ስሰማ መዋሸቴ አይቀርም። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም እልክልሻለሁ። የመመረቂያ ጥናትሽ አርብ ከመግባቱ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ።

ቀንቼብሻለሁ። አንጀቴ እርር እስኪል። በትምህርት ዕድሉ እንዳይመስልሽ! እርግጥ አብረን ተፈትነን አንቺ አልፈሽ፣ እኔ መካነ ሰላም የባዮሎጂ መምህርት ሆኜ ስቀር አልቅሻለሁ፤ እሱ ግን በወሩ ወጣልኝ። ያልወጣልኝ የአባቴ ነገር ነው።

አባባ ሰላሳ ዓመት ደንቆሮ የሚባለውን ጫካ ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ወጣ። ለእኔ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ስለ ጫካው አውርቶኝ አያውቅም። አንቺ ከኩታበር መጥተሽ "ጋሼ አሻግሬ፣ ይቺን ወፍ ምን ይሏታል?" ስትይው ግን፣ ጉልበቴን አመመኝ የሚለው ሰውዬ ከዘራውን ይዞ ብድግ! ሁለት ወር ሙሉ የአስታውን ቁጥቋጦና የጅብራውን ተክል፣ ወፉን ከነጎጆው እያሳየ አዞረሽ። ቤት ሲገባም ወሬው አንቺው ነሽ። "ሀያቴ እንዲህ አለች፣ ሀያቴ እንዲህ ጻፈች።" ኧረ ወዲያ! እግሩን የማጥበው እኔ፣ "ልጄ" የምትባዪው አንቺ።

ታዲያ የወፎቹን የአካባቢ ስም ዝርዝር ልከሽ "የአገሩ ልጅ ነሽ፣ እስቲ እይልኝ" ስትዪኝ፣ የተቀመጥኩት ስህተት ልለቅም ነው። ሰማንያ ሦስት ወፍ! እንከን አጣሁ። ሃምሳ ሰባተኛዋ ላይ ስደርስ ግን ብቻዬን ሳቅሁ። ያቺ አስታ ውስጥ የምትሽሎከሎክ ቡናማ ትንሽ ወፍ "የሹዬ" ትባላለች ብለሽ ጽፈሻል። የሹዬ እኮ እኔ ነኝ! አባባ ብቻ የሚጠራኝ የልጅነት ስሜ ነው። ስለ እኔ ሲያወራሽ ስለ ወፍ መስሎሽ መዘገብሽው ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። በቀይ ሰረዝኩና "እንዲህ የሚባል ወፍ የለም" ብዬ መለስኩልሽ። አንቺም "አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ፣ ባትኖሪልኝ ጉድ ሆኜ ነበር" ብለሽ ወዲያው አጠፋሻት።

ትናንት ለአባባ ነገርኩት፤ አብሮኝ እንዲስቅ። "ያቺ ሀያትህ ልጅህን ወፍ አደረገቻት" አልኩት።

አልሳቀም።

"እሷ ምን አጠፋች? ወፏ የሹዬ ናት እኮ" አለኝ። "ክርስትና ሳትነሺ ነው ጥዬሽ ወደ ጥበቃ የተመለስኩት። ያቺ ወፍ በየአስታው ሥር እየተከተለች ትንጫጫለች። ሆዴ ባባ፤ የሹዬ አልኳት። አብረውኝ የሚጠብቁት ሰምተው እነሱም እንደዚያው አሏት። ዛሬ በወግዲ በኩል ያለ እንጨት ለቃሚ ሁሉ የሹዬ ነው የሚላት። ለሀያት ስሟን እንጂ ምክንያቱን አልነገርኳትም።"

"ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?"

"መች ጠየቅሽኝ? የዘበኛ ልጅ እንዳትባዪ፣ በትምህርት ቤትሽ በር እንኳ እንዳላልፍ ነበር የምትለምኚኝ።"

እውነቱን ነው።

ዝርዝሩን እንደገና ከፈትኩት። ከስሟ ጎን፣ ከጠየቅሻቸው አሥራ አራት ሰዎች ዘጠኙ የሹዬ እንዳሏት ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ቅናት ዓይኔን ጋርዶኝ እሱን ሳላይ ነው የሰረዝኩት። ስሙ ለጫካው ወጣ እንጂ ደንቆሮዋስ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ሀያት፣ በሞቴ፣ ሃምሳ ሰባተኛዋን ወደ ቦታዋ መልሻት። አማካሪሽ ለምን ብሎ ከጠየቀሽ፣ ያረመችልኝ ሴት ቀንታብኝ ነው በዪው፤ አላፍርም። የነገረሽንም ሰው ስም ከነአባቱ ጻፊልኝ፤ አሻግሬ አወቀ።

ይቅርታሽን እጠብቃለሁ። ቅናቱ ግን ገና አለቀቀኝም፣ አልዋሽሽም። "ሀያቴ" ሲል ዛሬም ይቆረቁረኛል። ቅዳሜ አባባ ጫካ ይዞኝ ሊሄድ ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት ሞላኝ፤ ያቺን ወፍ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። ደብተር ገዝቻለሁ። ያንቺንም ጥያቄ ሰርቄ እየተለማመድኩት ነው፦ "አባባ፣ ይቺን ወፍ ምን ትላታለህ?"

የወፏ ሞክሼ፣
የሻለም አሻግሬ
መካነ ሰላም