አባዬ፣ የፋቅኸው ብራና ተመረመረ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ አልጻፍኩልህም። የምነግርህ ደህና ወሬ እስኪገኝ ስጠብቅ ነበር፤ አልመጣም። አሁን ደግሞ ይህን ካንተ በቀር የምነግረው ሰው አጣሁ።

የጎፋው ቤታችን ለመንገድ ፈርሷል። ለቡ ገብተናል፣ አራተኛ ፎቅ። እማዬን ደረጃው ስለሚጨርሳት ከእሁድ በቀር ከቤት ብዙም አትወጣም። ቆዳ ትወጥርበት የነበረው ግቢ አስፋልት ሆኗል። ያንተን ሥራ የያዘው ቢኒያም ነው ብልህ ታምነኛለህ? ልጅ ሳለን ሽታውን ሸሽቶ ጎረቤት ይውል የነበረው ወንድሜ። አጠገብህ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። የተወጠረውን ቆዳ ወደ ፀሐይ አዙረህ "እይው፣ ብርሃን ካሳለፈ ደርሷል ማለት ነው" ትለኝ ነበር። ሴት ልጅ ብራና አትፍቅም ብለህ መፋቂያውን ግን አንድም ቀን አላስያዝከኝም። ያኔ አኩርፌህ ነበር። አሁን ሳስበው እኔን ያተረፈኝ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አምና ዶክተር ህሊና የምትባል ተመራማሪ ወደ ደብራችን መጣች። ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትን በዲኤንኤ ነው የምታጠናው። እኔ የደብሩ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለምሠራ አብሬያት እንድሆን ታዘዝኩ። ብራና ቆዳ ስለሆነ፣ የበግ ይሁን የፍየል፣ ከየትኛው አገር መንጋ እንደመጣ፣ ስንት መቶ ዓመት ቢያልፈውም ማወቅ ይቻላል አለችኝ። ቅጠሉን አትቆርጥም። ዳር ዳሩን በለስላሳ ላጲስ አሸት አሸት ታደርግና ፍርፋሪውን በትንንሽ ብልቃጥ ትሰበስባለች። ያንን ምእመናን የሚሳለሙትን ትልቁን መጽሐፍ ሰጠኋት። አይጥ የበላቸውን ዘጠኝ ቅጠሎች ፍቀህና ጽፈህ የተካህለትን። እነዚህ የአባቴ እጅ ናቸው ብዬ እየገለጥኩ አሳየኋት። ኮርቼ ነበር።

ከወራት በኋላ ደወለችና በስልክ የሚሆን አይደለም አለች። ቢሮዬ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"እነዚያን ዘጠኝ ቅጠሎች የሠሩት አባትሽ በምን ነበር የሞቱት?"

ነገርኳት። ክንድህ ላይ የወጣችውን ቁስል፣ መሐሏ እንደ ከሰል የጠቆረውን፣ "አያመኝም፣ ተዉት" እያልክ የከለከልከንን። ምች ነው መባሉን፣ ጸበል መመላለሳችንን፣ እብጠቱ አንገትህ ሲደርስ ሆስፒታል ወስደንህ ሐኪሙ ዘግይታችኋል ማለቱን።

ስጨርስ ማስታወሻዋን ገለጠች። ከዚያ ጥንታዊዎቹ ቅጠሎች የፍየል ናቸው፣ ምንም የለባቸውም አለች። ያንተዎቹ የጥጃ ናቸው። የአባ ሰንጋ ጀርም ዲኤንኤ ተገኝቶባቸዋል።

"ጀርሙ በሕይወት ይኑር አይኑር ይሄ ምርመራ አይናገርም፤ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። እስከዚያው ግን ማንም እንዳይነካው። ከዚያው ቆዳ የተረፈ አለ?"

አለ። ከጎፋ ስንወጣ ኮርኒስ ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለሉ ሰባት ቆዳዎች አግኝተን ነበር። አባዬ ለክፉ ቀን ያስቀመጣቸው ናቸው ብለን ተደስተን ነበር። ቢኒያም በረንዳው ላይ እነሱን መፋቅ ከጀመረ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር።

ሚኒባሱ እስከ ለቡ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። ቢኒያም በረንዳው ላይ ነበር፤ ጸጉሩና ቅንድቡ በቆዳ ብናኝ ነጥቷል። እጅህን አሳየኝ አልኩት። ሳቀብኝ። አንጓው ላይ ቁስል አለ፤ ዙሪያው አብጧል፣ መሐሉ መጥቆር ጀምሯል።

"የሆነ ነገር ነክሶኝ ነው። አያመኝም" አለኝ።

አባዬ፣ ያቺ ያንተ ቃል ናት። ያኔውኑ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሙ ሳይጠይቀኝ አባ ሰንጋ ነው አልኩት። መድኃኒቱ የዚያኑ ቀን ተጀመረለት።

እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በዚያው ሌሊት ነው እማዬ የነገረችኝ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያፍተለተለች "አባትሽ ያውቅ ነበር" አለች። ከመሞትህ በፊት በነበረው ጾም ከብት ስለማይታረድ ቆዳ ጠፍቶ፣ ቅጠሎቹን ለንግሥ አደርሳለሁ ብለህ ቃል ገብተህ ተጨንቀህ ነበር። ፉሪ አንድ ገበሬ ጥጆቹ በተከታታይ ሞተውበት ሊቀብራቸው ጉድጓድ ሲቆፍር ደረስክ። ሰውየው አትንካቸው፣ በሽታ ነው ብሎህ ነበር። በገዛ እጅህ ገፈፍካቸው። እማዬ በክት እንዴት ለቅዱስ መጽሐፍ ይሆናል ስትልህ "ጸሎት ይደረግበታል፣ አንቺ ብቻ ዝም በይ" አልካት። ዝም አለች። በየእሁዱ ያንን መጽሐፍ እየተሳለመች ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም አለች።

በክት የተባለ ምግብ ከደጃችን የማታሳልፍ አንተ። ምን ያህል ብትጨነቅ ነው?

ገበሬውን ፍለጋ ፉሪ ሄጄ ነበር። መሬቱ ተሸንሽኖ ቤት ተሠርቶበታል። ጉድጓዱ ከየትኛው ቤት ሥር እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ቢኒያም ሆስፒታል በገባ ማግስት ለደብሩ አስተዳዳሪ ጀርሙን ብቻ ነግሬ ስምህን ላድን አስቤ ነበር። አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። አስተዳዳሪው መዳፋቸውን አዩ። "ባለፈው እሁድ ብቻ ስንት ሰው ተሳለመው?" አሉ። መጽሐፉ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቆልፎበታል። የጤና ባለሙያዎች መጥተው ቁስል ያለበትን ሰው እየጠየቁ መዘገቡ። እስካሁን የታመመ አልተገኘም፤ ግን መጽሐፉን የሚያነቡት ካህን ሳል ጀምሯቸዋል፣ ውጤታቸውም አልደረሰም። ሰዉ ሰላም ሲለኝ እጁን አይዘረጋልኝም።

ቢኒያም ድኖ ወጥቷል። ጠባሳው ግን አንጓው ላይ ቀርቷል። ቆዳዎቹን ባለሙያዎቹ ወስደው አቃጠሏቸው፤ የተቃጠሉት አምስት ናቸው። ሁለቱን ቢኒያም ከመታመሙ በፊት ፍቆ ጨርሶ፣ ባዶ ብራና አለ ወይ እያለ ለመጣ ሰው ሰጥቶታል። ስሙን አልጠየቀውም። ሰውየው ለክታብ ነው የምፈልገው ማለቱን ብቻ ያስታውሳል። ከሁለት ቆዳ ስንት ክታብ እንደሚቆረጥ አንተ ታውቃለህ። ማን አንገት ላይ እንደሚታሰርም ታውቃለህ።

ትናንት ጎፋ ገበያ ላይ አንዲት እናት ያዘለችው ሕፃን አንገት ላይ አዲስ ክታብ አየሁ። ከማን እንዳሠራችው ጠየቅኳት። ቡዳ መሰልኳት፤ ልጇን በነጠላ ሸፍና ሄደች። ተከተልኳት፤ ሰው መሐል ጠፋችብኝ።

አባዬ፣ ተቆጥቼሃለሁ፤ ናፍቀኸኛልም። መልካምህን ብቻ መርጬ አላስታውስህም። በዓለም ላይ እንዳንተ ጽሕፈት ያለ አላየሁም፤ ያጠፋኸውንም አልረሳውም፣ ሁለቱንም እንደያዝኩ እኖራለሁ። ነገ በጠዋት ተመልሼ እዚያው ገበያ መግቢያ ላይ እቆማለሁ። ያቺን እናት እስካገኛት ድረስ በየቀኑ እቆማለሁ።

ልጅህ