የሲፊስ ጢም

ለውድ ወንድሜ ለኒኪፎሮስ፣ ሜልቦርን፤

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እዚህ ቀርጤስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወይራውን ለቅመን ጨርሰናል።

እሑድ አንድ ተዋናይ ከአቴና መጥቶ የጥንቱን የትሮይ ጦርነት አደባባያችን ላይ ብቻውን ሁሉንም ሰው ሆኖ ተጫወተልን። ሽማግሌው ንጉሥ የልጁን ሬሳ ሊለምን ብሎ የገዳዩን እጅ ሲስም፣ ልጄ ሲፊስ ብድግ አለና «አባባ፣ ምን ትስመዋለህ፣ ንከሰው እንጂ!» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በልቤ «አበጀህ» አልኩት። የወንድሙን ደም ሳልመልስ አልላጭም ብሎ ጢሙ ደረቱ ደርሶ እንደነበር ታውቃለህ።

ዛሬ ጠዋት ተላጭቶ ገባ። እንዴት አምሮበታል መሰለህ! እንቁላል ጠብሼ አበላሁት፤ ሸሚዙንም ወዲያው አጠብኩት።

ይልቅ እናንተ ቤት ትርፍ አልጋ አለ? ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ለመልሱ ደብዳቤ አትጻፍ፣ ደውል።

የምትወድህ እህትህ፣
አርጊሮ