የማሙሽ ስብሰባ

ለምወድሽ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ ይይዝሽ የነበረው ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነ? ጋሼስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ከሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። ሐሳብ ሰው አይገድልም ይላሉ፤ ማክሳት ግን ያከሳል።

ዛሬ እሑድ ነው። ሥራ የለኝም፤ እጄ ግን አርፎ አልቀመጥ አለኝ። ክፍሉን ጠረግኩ፣ የተጠረገውን ደግሜ ጠረግኩ። የማሙሽን ሸሚዝ ተኩሼ ሰቀልኩና መልሼ አውርጄ ተኮስኩት። ከደጅ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድው ይላል። ምን ላድርግ ብዬ ብዕር ያዝኩ። በስልክ እንዳልነግርሽ ክፍላችን አንዲት ናት፤ እሱ አጠገቤ ተጋድሞ «ደህና ነው፣ ሥራ በዝቶበት ነው» ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

እታለም፣ ታናሽ ወንድማችን ማሙሽ በመጠጥ ከእጃችን ሊወጣ ነበር። መጀመሪያ ከሥራ መልስ ነበር የሚጠጣው፤ ኋላ ከሥራ በፊት ሆነ። የቀለም ቀቢ እጅ ከተንቀጠቀጠ ምን ይውጠዋል? አሠሪው «ከመሰላል ወድቀህ ጣጣ እንዳታመጣብኝ» ብሎ ከታች ሆኖ ቆርቆሮ እንዲያጥብ አደረገው። ስመክረው «እሺ» ይላል፤ እሺታው ግን ውሃ ላይ እንደ መጻፍ ነው። ስቆጣው ደግሞ ይጠፋል።

በምሠራበት የልብስ ንጽህና ቤት ደንበኛችን የሆነች አንዲት ነርስ አለች። ጋውኗን ስሰጣት ዓይኔ ማበጡን አይታ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ዘረገፍኩላት። «መጠጥ የተዉና ለመተው የሚታገሉ ሰዎች ተሰብስበው የሚነጋገሩበት ቦታ አለ፤ ማንም ማን ነህ፣ ከየት ነህ አይልም» አለችኝ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሕንፃ ነው አለች እንጂ ክፍሉን እሷም አታውቀውም።

ሄድኩ። ፎቅ ላይ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው ሳይ ሹልክ ብዬ ገባሁ። ሁሉም ፊታቸው የተከፋ ነው፤ እነዚህ ናቸው አልኩ። አንዱ ተነሥቶ «እስከ መቼ ነው በየቀኑ የሚፈሰው?» ሲል ስለ መጠጥ መስሎኝ ራሴን በሐዘን እነቀንቃለሁ። ለካ የሕንፃው ነዋሪዎች ስብሰባ ኖሯል! ቧንቧው ይቀየር የምትሉ ሲባል ከሰው ጋር እጄን አወጣሁ። የሰው ቤት ቧንቧ አስቀይሬ መጣሁልሽ። ከሳቅሽ ሳቂ፤ እኔ ግን ያን ቀን መንገዱን ሙሉ እያለቀስኩ ነው የገባሁት።

በማግስቱ ተመልሼ ዘበኛውን ልጠይቅ ስል ምላሴ ተሳሰረ። «የ... የመጠጥ...» ስል ሰውየው ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በጓሮ ዙሪ፤ አረንጓዴው በር ነው። እሑድ ከምሳ በኋላ» አለኝ።

ማሙሽን ማምጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። «ጭራሽ ከሰካራም ልትቆጥሪኝ?» ብሎ አኮረፈ። ለምኜም ተቆጥቼም በስንት መከራ ወጣ። አረንጓዴው በር ጋ ስንደርስ እግሩ አልንቀሳቀስ አለ። «አንቺ ግቢና እይው፤ እኔ ሲጋራዬን ልጨርስ» አለ። እንዳይሸሸኝ እየፈራሁ ብቻዬን ገባሁ።

ስብሰባውን የሚመሩት አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ ክንዳቸው የምድጃ ጠባሳ ብቻ ነው። «ነይ ልጄ፣ እዚህ ሁላችንም አንድ ነን» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ ወንድሜ ልጠይቅ ነው የመጣሁት ልል አፌን ስከፍት ዕንባዬ ቀደመኝ። እሳቸውም ጠጪዋ እኔ መሰልኳቸው። «አይዞሽ፣ ለሴት ሲሆን ይብሳል፤ እኔም ስንት ዘመን ደብቄዋለሁ» አሉኝ። አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌርም «ደጁን መርገጥሽ ትልቅ ነገር ነው» አሉ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ። እታለም፣ አይደለሁም ማለት አቃተኝ። አይደለሁም ብል ወንድሜን ማጋለጥ፣ ዝም ብል ሰውን ማታለል ሆነብኝ። አንገቴን ደፋሁ።

በዚህ መሐል በሩ ተበረገደ። ማሙሽ ነው። በመስኮት ሲሰማ ኖሯል። ፊቱ አመድ መስሎ «እሷን ተዉአት! ጠብታ ቀምሳ አታውቅም። ጠጪው እኔ ነኝ» አለ። ስንቴ በእናታችን ስም አልጠጣሁም ብሎ የማለልኝ ልጅ! ሹፌሩ በእግራቸው አንድ ወንበር ገፋ አደረጉለት። ከወንበሩ ጫፍ ላይ ጉብ አለ፤ ሊሮጥ እንደተዘጋጀ ሰው አንድ እግሩን ወደ በሩ አድርጎ።

ከዚያ ወዲህ ዳነልን ብዬ አልዋሽሽም። አንድ ቀን ጫማውን በእጁ ይዞ እየተንገዳገደ ገብቷል። ያም ሆኖ በቀጣዩ እሑድ እያፈረ ሄደ። እስካሁን እኔ ነበርኩ የማደርሰው። ዛሬ «ሕፃን አይደለሁም» ብሎ ብቻውን ወጣ። ስብሰባው ካለቀ ቆይቷል። በላይኛው መንገድ ላይ ደግሞ ያ የለመደው መጠጥ ቤት አለ። አሁን በሩ ሲንኳኳ ዘልዬ ከፈትኩ፤ ጎረቤቴ ናት፣ ክብሪት ልትዋስ።

መጣ እኮ፣ እታለም! ብዕሬን ወርውሬ ነው የተነሣሁት። ሹፌሩ እስከ ደጅ ሸኝተውታል። «የላይኛው መንገድ ዛሬ አልተመቸንም፤ በታች ዞረን መጣን» ብለውኝ ተመለሱ። ማሙሽ በአጠገቤ ሲያልፍ ሳላስበው አፍንጫዬን አስጠጋሁ። አየኝ። ሊቆጣ ነው ብዬ ክው አልኩ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተና «ሃ!» ብሎ ፊቴ ላይ ተነፈሰብኝ። ሽንኩርት ሸተተኝ። ሽንኩርት ብቻ! ሳቅን። ነገ ከሥራ ሲወጣ በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ግን እንጃ፤ እሱ ቤት ገብቷል፣ የእኔ ልብ ገና ከደጅ ነው።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ከዚህ ውስጥ የቱ እንደሚነገራት አንቺ ታውቂያለሽ። ጋሼን አክብሬ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። አክስታችንን ምርቃታቸው አይለየን በያቸው። ጥርሷ የወለቀውን ትንሿን ጉንጯን ቆንጥጠሽ ሳሚልኝ፤ ትልቁን ደግሞ በትምህርቱ እንዳያላግጥ ምከሪልኝ።

ማሙሽ ከበሩ ላይ እግሩን እየታጠበ «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ። ለእታለም አልኩት። የውሃው ድምፅ ቆመ። ከዚያ «ሰላም በያት» አለ።

እንግዲህ ሰላም ብሎሻል።

እኅትሽ
ከክፍላችን፣ መስኮቱ ሥር
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን