ጎማ ሳይኖራት ምርመራ ስላለፈችው መኪናዬ

ለተከበሩ የቀና ጎዳና የተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የማዕከልዎ ሠራተኞችም በሙሉ ጤና እንድትሰነብቱ፣ የማኅተማችሁም ቀለም እንዳይነጥፍ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ እዚሁ አሶሳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የማስተምር ወንድምአገኝ ደባልቄ የተባልኩ ሰው ነኝ። እኔን ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ መኪናዬን ግን መዝገባችሁ በሚገባ ያውቃታልና ስለ እርሷ የተጠራቀመብኝን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ቅልጥፍናችሁ አመሰግናለሁ። በ2015 ዓ.ም. በግንቦት መጨረሻ ያቺን ከእኔ በጥቂት ዓመት የምታንስ ዲኤክስ ቶዮታዬን ይዤ ወደ ግቢያችሁ ስገባ፣ መርማሪው ከወንበራቸው መነሳት ሳያስፈልጋቸው በመስኮት «ፍሬቻው ይሠራል?» ብለው ጠየቁኝ፤ «ይሠራል» አልኳቸው፤ ክላክስ እንድነፋ አዘዙኝ፤ ነፋሁ። ወዲያው «ፍሬን፦ ደኅና» የሚል ወረቀት ታትሞ ወጣልኝ፤ ቦሎዬንም ተቀብዬ ሄድኩ። በዚያ ቀን የፍሬኑን ፔዳል ከእኔ በቀር የረገጠ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ግን ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ለባልደረቦቼ «እንዲህ ያለ ቀልጣፋ መሥሪያ ቤት አይቼ አላውቅም» ብዬ አውርቻለሁ። ይህን የምጽፈው የእኔም ድርሻ እንዳይረሳ ነው።

ሁለተኛ፦ ስለ ወረቀታችሁ ክብደት አመሰግናለሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ የኬሚስትሪ መምህርት ከሆነችው ባልደረባዬ ከቢሊሱማ ጋር ወደ ባምባሲ እየሄድን ነበር። እርሷ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ባምባሲ ስለሚኖሩ፣ የእኔም ወላጆች በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩበት መንደር ከዚያ ስለማይርቅ፣ ዓርብ ዓርብ አብረን እንሄድ ነበር። አንድ ቁልቁለት ላይ እንደደረስን አንድ የጭነት መኪና ተበላሽቶ ከታች ባለው ድልድይ አፍ ላይ ቆሞ አየሁ። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ፤ እግሬ ሥር ምንም አልነበረም። ደግሜ ረገጥኩ። ቢሊሱማ «ጋሽ ወንዴ፣ ያዘው እንጂ!» አለችኝ። የእጅ ፍሬኑን ስስብ መኪናዋ ተንሸራታ በእርሷ በኩል ከድልድዩ ግንብ ጋር ተጋጨች። የእኔ የትከሻ አጥንት ተሰበረ። ቢሊሱማ ሆስፒታል ሳትደርስ ዐረፈች።

በፍርድ ቤት፣ ፍሬኔ እንዳልያዘ ስናገር፣ የእናንተ ወረቀት ቀረበ። መኪናዋ ከዘጠኝ ቀን በፊት ተመርምራ ፍሬኗ ደኅና መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ አደጋው የአሽከርካሪው ጥፋት ነው ተባለ። ቅጣቱ በገደብ ሆነልኝ፤ መንጃ ፈቃዴ ታገደ። ክቡርነትዎ ልብ ብለው ይመልከቱልኝ፦ በዚያ ቀን በመኪናዋ ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንዷ ሞታለች፤ ያም ሆኖ ማኅተማችሁ ከሁለታችንም በላይ ታመነ።

ሦስተኛ ብዬ በቁጥር ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ከዚህ በኋላ የሆነው በቁጥር የሚሄድ አይደለምና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቀኝ እግሬ የእኔ መሆኑን አቁሟል። ክፍል ውስጥ ካርታ ሰቅዬ ሳስተምር፣ ተማሪዎች ድንገት ሲጮኹ፣ እግሬ ወለሉን ይረግጣል። አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ እግርዎን ያምዎታል?» ብላ ጠይቃኛለች። «ያዘው እንጂ» የሚለውን ድምፅ በገበያ መካከልም፣ ቧንቧ ስከፍትም እሰማዋለሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አይደለም። በሦስተኛው ወር ገደማ ከእግሬ ይልቅ ወረቀታችሁን ማመን ጀመርኩ። ምናልባት አልረገጥኩ ይሆናል፤ ምናልባት እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር አልኩ። በዚህ ጊዜ መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና መጥታ፣ የቀኝ በሯ ተጨፍልቆ፣ ከግቢዬ ማንጎ ሥር ቆማ ነበር። ቆራሌዎች ሊገዟት መጡ፤ አልሸጥም አልኳቸው። ውስጧ ያለውን ሳላውቅ ልትሄድብኝ አልፈለግሁም።

ከመኪና ጥገና የማውቀው ጎማ መንፋት ብቻ ነበር። ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ክሪኩን በዝናብ በራሰው ቀይ አፈር ላይ ተክዬ ሳነሳት፣ ክሪኩ ሰጥሞ መኪናዋ ዘጭ አለች፤ እጄን ያወጣሁት ለጥቂት ነው። ድምፁን የሰሙት ጎረቤቴ አቶ ኻሚስ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ። አቶ ኻሚስ በዕድሜያቸው ሙሉ በኩርሙክ መንገድ የጭነት መኪና የነዱ፣ መንገድ ላይ ሲበላሽባቸውም ራሳቸው የሚጠግኑ፣ አሁን በጡረታ ያሉ የበርታ ሽማግሌ ናቸው።

«ኡስታዝ» አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። «አንተ መኪናውን ልትሠራ ነው፣ ልታውቅ ነው?»

«ላውቅ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያ ቀስ በል። ለማወቅ የሚፈታ ሰው አይቸኩልም። መጀመሪያ ከክሪኩ ሥር ጣውላ አድርግ፤ ጎማው ሲወልቅ ደግሞ ድንጋይ አስገባ። ሞት አንድ ይበቃል።»

በየቅዳሜው እየመጡ ዱካ ላይ ይቀመጡና ያዝዙኛል እንጂ በእጃቸው አይነኩም። ቡሎን የሚፈታው በየት በኩል እንደሆነ ሳላውቅ አንዱን አጥብቄ ሰበርኩት፤ አልተቆጡም። የፈታሁትን ዕቃ በፈታሁበት ተራ ካርቶን ላይ እንድደረድር፣ እያንዳንዱንም በቾክ እንድቆጥር አደረጉኝ። የፍሬን ዘይት ቀለም እንደሚልጥ ያወቅሁት የበሯን ቀለም ከላጥኩ በኋላ ነው። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ወለሉን ላጸዳ የቢሊሱማን ወንበር ወደ ኋላ ስገፋ፣ ከፊቷ ያለው የጎማ ምንጣፍ ተጨማዶ፣ የጫማ ተረከዝ ያረፈበት ቦታ ተቀዶ አገኘሁት። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። በእርሷ በኩል ፔዳል አልነበረም፤ እርሷ ግን በሌለው ፍሬን ላይ ባላት ኃይል ሁሉ እየረገጠች ነበር። እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። አቶ ኻሚስ ተነሥተው፣ ፊታቸውን ወደ አጥሩ መልሰው ቆሙ።

በቀጣዩ ቅዳሜ የኋላውን የግራ ጎማ ፈትቼ ጎማው የሚታሰርበትን የፍሬን ታምቡር ሳወልቅ ውስጡ በዘይት ርሶ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ጭቃ መስሎ ነበር። ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ የሚባል ትንሽ ላስቲክ ከዳር እስከ ዳር ተቀድዷል። ከፔዳሉ ጋር የተያያዘውን ዋናውን ፖምፓ ስፈታ ደግሞ የእርሱም ጎሚኒ አልቆ ነበር። አቶ ኻሚስ መነጽራቸውን አውጥተው አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የዘጠኝ ቀን አይደለም» አሉ። «ይሄ ብዙ ወር ነው። አንተ ረግጠሃል፣ ኡስታዝ። እሷ ነች እንቢ ያለችው።»

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ቃል ስሰማ እፎይ ያልኩ መስሎዎት ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ጠብቄ ነበር። ነገር ግን ዘይቱ ከታምቡሩ ወደ ጎማው የወረደበትን ጥቁር መስመር እያየሁ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ከአደጋው በፊት ለሳምንታት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከዚያው ጎማ ሥር መሬቱ እርጥብ ሆኖ አገኘው ነበር። የጎረቤት ውሻ የሸናበት መስሎኝ ውሻውን በድንጋይ አባርሬዋለሁ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ብነካው ኖሮ አውቅ ነበር። የእናንተ መርማሪ ጎንበስ አላሉም፤ እኔም አላልኩም። ልዩነታችን እኔ ባለማየቴ ሲፈረድብኝ እርሳቸው ባለማየታቸው ደመወዝ መቀበላቸው ነው።

ሁለቱን ጎሚኒዎች በወረቀት ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ባምባሲ ሄድኩ። የቢሊሱማ እናት አዴ ቀነኒ በራቸው ላይ ተቀብለው አስገቡኝ። ከቀብሩ ወዲህ ዐይን ለዐይን አልተያየንም ነበር። ጎሚኒዎቹን አሳየኋቸው፤ ስለ ድልድዩ ነገርኳቸው፤ ልጃቸው በመጨረሻ ያለችውንም ነገርኳቸው።

«አንተ ረግጠህ ነበር?» አሉኝ።

«ረግጬ ነበር፣ አዴ።»

«እሷ ግን አላወቀችም።»

«አላወቀችም።»

ከዚያ ስለ ውሻውና ስለ እርጥቡ መሬት ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ፤ የሚያስወጡኝ መሰለኝ።

«ይህን ለምን ነገርከኝ? ማን ጠየቀህ?»

«ዝም ብዬ ብሄድ የዋሸሁዎት ስለመሰለኝ ነው።»

ጎሚኒዎቹን መልሰው በወረቀቱ ጠቀለሉና ከልጃቸው ፎቶ አጠገብ አስቀመጧቸው። «እንግዲህ አንድ ሰው አወቀ» አሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ወደ እናንተ የመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። የለመንኩት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ በዚያ ቀን የመኪናዋ ፍሬን እንዳልተፈተሸ የሚገልጽ ደብዳቤ። በክቡር ፊርማዎ የደረሰኝ መልስ «መዝገቡ የተሟላ በመሆኑ ማስተካከያ አያስፈልገውም» ይላል። ስለ ውበቱ አመሰግናለሁ። መዝገባችሁ ምን ያህል የተሟላ እንደሆነ ለማወቅ ጓጉቼም አንድ ነገር ማድረጌን አልደብቅዎትም። መኪናዬ አራቱም ጎማዎቿ ወልቀው፣ በሯ እንደተጨፈለቀ፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ሊብሬዋን ብቻ በአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ እጅ ላክሁላችሁ። ከሰዓት ላይ ወረቀቱ መጣ። ፍሬን፦ ደኅና። ጎማ፦ ደኅና። አካል፦ ደኅና። በሕይወቴ እንደዚያች ወረቀት ያስፈራኝ ነገር የለም፤ ምክንያቱም እንደዚያ ያለ ወረቀት በኪሳቸው ይዘው፣ ሰው አሳፍረው፣ ወደ መንጌም ወደ ባምባሲም የሚነዱ ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ቅጂውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለሚመለከታቸው ሁሉ ልኬያለሁ።

መኪናዋ ዛሬ ተሠርታለች። አዲስ ጎሚኒ ገብቶላታል፤ አየሩን ከፍሬኗ ያወጣሁት በአራተኛው ሙከራ ነው። የመንጃ ፈቃዴ እገዳ ሲያበቃ ከአቶ ኻሚስ ጋር ወደ ኳስ ሜዳው ወሰድናት። ከፊት እንዲቀመጡ ጋበዝኳቸው፤ «እዚያ ሰው አለ» ብለው ከኋላ ተቀመጡ። በቀስታ ነዳሁና ረገጥኩ፤ ቆመች። ፈጠን አድርጌ ረገጥኩ፤ ቆመች። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። በመጨረሻ አቶ ኻሚስ እጃቸውን በትከሻዬ ላይ አድርገው «ይበቃል ኡስታዝ፤ ይዟል» አሉኝ። በቆመችው መኪና ውስጥ ሆኜ፣ ለማይሰማኝ ወንበር «ያዝኩት» አልኩ። ቤት ስገባ እግሬ አሁንም ወለሉን ይረግጥ ነበር።

ክቡርነትዎ መርማሪውን እንዲቀጡልኝ ወይም እንዲክሱኝ አልለምንም። በእኔ መዝገብ ላይ ያለችው ዐረፍተ ነገር እንድትታረም፣ ነገ ጠዋትም አንድ መርማሪ ከወንበሩ ተነሥቶ ጎንበስ እንዲል ብቻ እለምናለሁ።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ እጅ እየነሳሁ፣ ወንበራችሁን ሁሉ ምቾት አይለየው እያልኩ፣ ከማይሽር አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ወንድምአገኝ ደባልቄ
አሶሳ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ካለፈው ወር ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ከአቶ ኻሚስ ጋር ከበራችሁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ለጠየቀን ሁሉ ፍሬን በነጻ እናያለን። እስካሁን አሥራ አንድ አሽከርካሪዎች ጠይቀውናል፤ የአራቱ ፍሬን የተበላሸ ሲሆን አራቱም ከግቢያችሁ ወጥተው በቀጥታ ወደ እኛ የመጡ ነበሩ። ከአራቱ አንዱ ልጅዎን ቢታንያን ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው ሚኒባስ ነው። ስለተሠራ አይስጉ፤ ሰኞ በሰፈራችን ስታልፍ እጇን አውለብልባልናለች።